ልጆቻችንን ስታዲየም እናስገባቸው

በ1993 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ዮርዳኖስ ዓባይ ነበር። ለመብራት ኃይል 24 ጎል አገባ። የዚያን ዓመት ዋንጫም የመብራት ኃይል ሆነ። ሪከርዱ ለብዙ ዓመታት ማንም ሳይደርስበት ቆየ። በ2009 ጌታነህ ከበደ በ25 ጎል አሻሻለው። በ2013 ደግሞ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 አስቆጥሮ ሁለቱንም አለፋቸው።

ዮርዳኖስን በዓይኔ አይቻለሁ። አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ። አቡበከርን ግን በዚያ ዓመት ያየሁት በቴሌቪዥን ነው። የሰፈሬ ልጆችም እንደዚያው። ቡና ሲሸነፍ እራት አንበላም የሚሉ ልጆች ያን የመሰለ የውድድር ዓመት ሳሎን ቁጭ ብለው አሳለፉት። የኮቪድ ጊዜ ስለነበር ለዚያ ዓመት ማንንም አልወቅስም። የሚያሳስበኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። በመዲናችን ልጅ ይዞ ወጥቶ የሊግ ጨዋታ ማየት ለዓመታት የማይታሰብ ነገር ሆኖ ሲቆይ ጉዳዩን ከምር ያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

ምን እንደቀረባቸው ለማስረዳት የራሴን ልንገራችሁ።

አባዬ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ነበር። ቤታችን ቂርቆስ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ "ጫማሽን አድርጊ፣ ኳስ እንሄዳለን" አለኝ። አክስቴ እኛ ቤት ነበረች። "ሴት ልጅ ደግሞ ስታዲየም ምን ልታደርግ?" አለችው። "ኳስ ታያለቻ!" አላት። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

በለገሃር አድርገን በእግራችን ሄድን። ያኔ በአንድ ትኬት ሁለት ጨዋታ ማየት የተለመደ ነበር። አንዱ 9 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ ሌላው አመሻሽ ላይ። ስታዲየሙ በር ላይ ትኬት መግዣ የሌላቸው ልጆች ተሰብስበው "ጋሼ፣ ያስገቡኝ!" ይላሉ። አዋቂ ሰው እጁን የያዘው ልጅ እንደ ልጁ ተቆጥሮ ይገባል። በረኛውም ያውቃል፣ ልጆቹም ያውቃሉ። አባዬ በአንድ እጁ እኔን፣ በሌላው አንድ የማናውቀውን ልጅ ይዞ ገባ። ልጁ ውስጥ ሲደርስ "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" ብሎ ሰው መሀል ጠፋ። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አንዳንዴ አስባለሁ። አሁንም ኳስ የሚወድ ይመስለኛል።

ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ። እነዚህን የስታዲየሙን መቀመጫዎች ስሞች ኳስ የማያይ የአዲስ አበባ ሰው እንኳን ያውቃቸዋል። እኛ ፀሐይ በሚመታው ወገን ሲሚንቶው ላይ ካርቶን ዘርግተን ተቀመጥን። ቆሎ ሻጩ በሰው መሀል እየተሹለከለከ ይዞራል። ገንዘቡ ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ ይሄዳል፣ ቆሎውም በዚያው መንገድ ይመጣል። አንዲት ሳንቲም አትጎድልም።

ጨዋታው ሲጀመር ግራ የገባኝ የጋዜጠኛው ድምፅ አለመኖሩ ነው። እስከዚያ ቀን ኳስን የማውቀው በይበልጥ በሬዲዮ ነበር። በሬዲዮ ማን ለማን እንዳቀበለ፣ ማን እንደሳተ የሚነግረን ሰው አለ። እዚህ ማንም አይነግረኝም። "የሚያወራው ሰውዬ የታለ?" ብዬ አባዬን ጠየቅኩት። "እዚህ ራስሽ ነሽ የምታዪው" አለኝ።

ማየት ጀመርኩ። መስማትም። በረኛው ተከላካዮቹ ላይ "ውጡ! ውጡ!" ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ወዲያኛው ጥግ ላይ ኳስ ሲመታ መጀመሪያ እግሩን አያለሁ፣ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሰኛል። ተጫዋች ወድቆ ሲነሳ ፊቱ ላይ ያለውን ሕመም አየሁ። ዮርዳኖስ ኳስ ሊቀበል ሲል ደግሞ ዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ ይላል። ኳሷ ገና እግሩ ስር ሳትደርስ ነው የሚነሱት። አንድ ነገር እንደሚመጣ ቀድመው ያውቃሉ። እኔም ከእነሱ እያየሁ አብሬ መነሳት ጀመርኩ። ጨዋታ ማንበብ የተማርኩት ያኔ ነው፣ ከሰዉ ትከሻ።

አባዬ ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እዚያ ግን "አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ!" እያለ ይጮሃል። ስለ ክለቡ ሲያወራ "እኛ" ነበር የሚለው። "ዛሬ እኛ መሀል ሜዳ ላይ ተበለጥን" ይላል። የዚያን ዘመን ክለቦች ስም ያስታወሰ ሰው ይህ አይገርመውም። መብራት ኃይል፣ ንግድ ባንክ፣ መድን፣ ሙገር ሲሚንቶ፣ ወንጂ ስኳር። ደጋፊያቸው እንደ ጊዮርጊስና ቡና አይበዛም። ነገር ግን ሠራተኛውን ከክለቡ ጋር የሚያስተሳስረው እንጀራው ነበር። ልጆቹም የዚያ ቤተሰብ አካል ነን ብለን አደግን።

ሁለተኛው ጨዋታ የቡና ነበር። ከበሮው ሲመታና አስጨፋሪው ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ሲቆም ገረመኝ። ጨዋታውን ሳያይ ሙሉ ሰዓት ሰው ያስጨፍራል! ጉሮሮው እስኪዘጋ ድረስ። ሰው ለሚወደው ነገር ይህን ያህል እንደሚለፋ ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው ትዝታው ደስ ስለሚለኝ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ የሀገሬ ኳስ የራሴ ሆነ። ብሔራዊ ቡድናችን ቢሸነፍም ባይሸነፍም ልተወው አልቻልኩም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ ያ ስታዲየም በሰው ተጨናንቆ ነበር። ጎሎቹን ያገቡት አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ናቸው። የመጀመሪያውን ጨዋታ ሱዳን ሜዳ ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳችን ውጭ ባገባናቸው ጎሎች አለፍን፤ 2 ለ 0 ልክ የሚበቃን ውጤት ነበር። ለትኬት ሌሊቱን ተሰልፎ ያደረ ሰው ነበር። እስቲ አስቡት። 31 ዓመት ያላለፈን ቡድን ተስፋ ሳይቆርጥ የሚጠብቅ ሕዝብ ከየት ይመጣል? አንዳንዱን በ1954 ዋንጫውን ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሡ እጅ ሲቀበል እዚያው ስታዲየም ያየ አባት ነው ያመጣው። ሌላውን ደግሞ ምንም ዋንጫ በሌለበት ዘመን እጁን ይዞ ካታንጋ ያስገባው አጎት። ደጋፊ የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

አሁን ያለንበትን እንመልከት። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ በተመረጡ አስተናጋጅ ከተሞች እየተዘዋወረ የሚካሄድ ሆነ። ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር። ክለቦቹ አንድ ከተማ ገብተው ለሳምንታት ይጫወታሉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። አዲስ አበባ ስታዲየም ለዓመታት እድሳት ላይ ቆየ። ብሔራዊ ቡድኑም የአህጉሪቱን መስፈርት የሚያሟላ ሜዳ በማጣታችን ተሰደደ። ኅዳር 2014 ጋናን ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ነው። ሰኔ 2014 ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ያሸነፍነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ግብፅን 2 ለ 0! ያን ቀን ስታዲየም ሊገባ ይችል የነበረውን ልጅ ሳስብ ያንገበግበኛል። ዕድሜ ልኩን ሲያወራው የሚኖር ነገር ነበር።

ሊጉ ከከተማ ከተማ መዘዋወሩ ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ። ከኮቪድ በፊት በነበሩት ዓመታት በየሜዳው ድንጋይ መወራወርና ድብድብ በዝቶ ነበር። ጨዋታ ይቋረጥ ነበር፣ ሰው ይጎዳ ነበር። የፖለቲካው ትኩሳት ስታዲየም ውስጥ ገብቶ ነበር። ውድድሩን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ማካሄድ ጸጥታውን ለመቆጣጠር ይቀላል። ለቴሌቪዥን ስርጭቱም እንዲሁ፤ ካሜራውንና ባለሙያውን በየሳምንቱ በየከተማው ማንከራተት ወጪው ቀላል አይደለም። ስርጭቱ ደግሞ ጠቅሞናል። ጨዋታዎቻችን በሱፐርስፖርት ከሀገር ውጭ ታይተዋል፤ አቡበከርም በ2014 ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛውሯል። ይህን አልክድም።

የማልቀበለው ጊዜያዊ መፍትሔ ቋሚ ሲሆን ነው። አንድ የሐዋሳ ልጅ ከተማው አስተናጋጅ ስትሆን በሳምንት ብዙ ክለብ ማየት ይችላል፤ ደስ ይላል። ግን ከሚጫወቱት አብዛኞቹ የሱ ክለቦች አይደሉም። ስለዚህ መቀመጫው ባዶ ይውላል። የዎላይታ ድቻ ልጅ ሶዶ ላይ፣ የጊዮርጊስ ልጅ አዲስ አበባ ላይ ክለቡን ይጠብቃል፤ ክለቡ ግን ሌላ ከተማ ነው። ከዚያ ይህ ልጅ ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ አርሴናልን ያያል። አርሴናልን ማየቱ ምንም ክፋት የለውም፣ እኔም አያለሁ። ነገር ግን አርሴናል በየሳምንቱ በሰዓቱ ይመጣለታል፤ የራሱ ክለብ አይመጣለትም። በዚህ ልጅ መፍረድ አንችልም።

በግልጽ ልናገር። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት ከከተማና ከክልል አስተዳደር በጀት ወይም ከመንግሥት ድርጅት በሚገኝ ገንዘብ ነው። የትኬት ገቢ ለህልውናቸው ወሳኝ አይደለም። ስለዚህ ሜዳው ባዶ ሲሆን የሚደነግጥ አመራር የለም። አንድ ሱቅ ደንበኛ ሲያጣ ባለቤቱ እንቅልፍ ያጣል፤ የእኛ ክለቦች ግን ደንበኛ ባይመጣም ደመወዝ ይከፍላሉ። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጆች መቅረታቸውን በጀቱ ላይ የሚያይ ሰው ስለሌለ ጉዳዩ አጀንዳ አይሆንም።

ደጋፊውም ድርሻ አለበት። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ስታዲየም መላክ የሚፈሩት ዝም ብለው አይደለም። ስድቡ ያሳፍራል። ዳኛ ሲሳሳት የዳኛው እናት ምን አደረገች? እኔ ልጅ ሆኜ አጠገባችን የነበረ ሰው መሳደብ ሲጀምር አባዬ "ወንድሜ፣ ልጅ ይዣለሁ" አለው። ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆ ዝም አለ። ልጆች መቀመጫው ላይ ሲበዙ አዋቂውም ራሱን ይገዛል ብዬ የማምነው ይህን ስላየሁ ነው። ሴት ልጅ ያለው ወላጅ ደግሞ ሌላም ጥያቄ አለበት፦ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት። አባዬ እኔን ይዞ ስታዲየሙን ሁለቴ ዞሯል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለብዙ ቤተሰብ ግን የመሄድና የመቅረት ውሳኔ ነው።

ከ60 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ ታስቦ በ2008 ግንባታው የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም ትልቅ ተስፋ ነው። ግን ልጆች እስኪያልቅ ድረስ ቆመው አይጠብቁም፤ ያድጋሉ። በ2008 አምስት ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ነው። ስለዚህ ሜዳው ባለበት ከተማ ሁሉ አሁኑኑ የሚጀመር ነገር ያስፈልጋል። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር በነጻ ይግባ። ቢያንስ የቅዳሜና የእሁድ ጨዋታዎች ልጆች በሚመቻቸው ሰዓት ይሁኑ። ለቤተሰብ የተለየ ቦታ ይከለል። ክለቦቹ ባሉበት ከተማ ካሉ ትምህርት ቤቶች ጋር ተነጋግረው ተማሪዎችን ይጋብዙ። ክለቦች በየሜዳቸው የሚጫወቱበትን ቀን ደግሞ ሊጉን የሚያስተዳድረው ሊግ ካምፓኒና ፌዴሬሽኑ ቆርጠው ይንገሩን። ሜዳው ለደረሰ ክለብ የሌሎቹን መጠበቅ አያስፈልግም፤ እሱ ከመጪው የውድድር ዓመት ይጀምር።