ይበል ባዮች

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው የጽጌ ወቅት፣ ቅዳሜ ሲመሽ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ የሚወርደው መንገድ መኪና ይበዛበታል። ቀድሞ ካህናቱና የአካባቢው ገበሬ ብቻ ያድሩበት በነበረው የገጠር ደብር፣ ዛሬ ጋቢ ደርቦ ማኅሌት ሊሰማ የሚጎርፈው በዙሪያው ቪላ የሠራው አዲስ ሰፋሪና ከመሐል ከተማ የጠራው ወዳጁ ነው። መግቢያ አይከፈልም፣ ወንበር አይያዝም፤ ረቂቁ ዜማ ሌሊቱን ሙሉ በነጻ ይፈስሳል። ዜማው እንከን አይወጣለትም፤ ወሬ ያለው ከታዳሚው ዘንድ ነው።

አዲሱ ታዳሚ በመጀመሪያ የሚቸገረው በመቋሚያ ነው። ከብብቱ ሥር አድርጎ እንደመደገፍ፣ ዘብ እንደቆመ ወታደር ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ ወገቡ ሲከዳው ግን ዕቃው ለምን እንደተሠራ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

ሊቃውንቱ አንዱን ዜማ በመጀመሪያ ያለ ከበሮ በቁም ያዜሙታል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘምሙታል፣ ከዚያም በከበሮና በጸናጽል ይመረግዱታል፣ በመጨረሻም በጭብጨባ ያጸፉታል። ደስታው ያለው ይህን መሰላል ከታች ጀምሮ በመውጣት ነው። የደብሩ አሮጊቶች ፊደል ባይቆጥሩም ዜማው የሚዞርበትን ቦታ ጆሯቸው ያውቀዋልና እልልታቸው አንድም ጊዜ አይስትም። እንግዳችን ግን ቁሙንና ዝማሜውን አንቀላፍቶ ያሳልፍና፣ የመጀመሪያው የከበሮ ምት ሲሰማ በርግጎ ስልኩን ያወጣል።

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩን ቢወጋው፣ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ሳይታወቃቸው እንደቆዩ ይነገራል። በዚህ ደብር ግን ጫማውን ያወለቀ የከተማ ሰው ጣቱን ሲረገጥ «ኧረ በማርያም!» የሚለው ጩኸቱ ከዝማሜው በላይ ይሰማል።

አንዱማ የያሬድን የዜማ መጽሐፍ የድጓን ገጽ በስልኩ ከፍቶ መሪጌታውን በጥርጣሬ ይከታተል ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የደረሷቸውን፣ ከፊደሉ አናት ላይ የሰፈሩትን ድፋትና ጭረት የተባሉ የዜማ ምልክቶች የመስታወቱ እድፍ መስለውት በነጠላው ጫፍ ሲወለውል አየሁት። አልለቅ ሲሉት ስልኩን በብስጭት ኪሱ ከተተው።

የቅኔው ሰዓት ደግሞ ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። ግእዝ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሰሙ ከወርቁ እስኪገጥምላቸው ጥቂት ዝም ይሉና ቀስ ብለው «ይበል!» ይላሉ። ከኋላ የቆመው ባለ ቪላ ግን ቅኔው ሳያልቅ ይቀድማቸዋል፤ ድምፁም ከሁሉ ይጎላል። ሲነጋ ሚስቱ ከሴቶቹ መቆሚያ ወጥታ «ምን ቢሉ ነው እንዲያ ደስ ያለህ?» ብትለው፣ ነጠላውን አስተካክሎ «ቅኔ እንዲህ መንገድ ላይ አይፈታም» አላት።

ይኸው ሰው ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ተነሥቶ፣ የመጪውን ሳምንት ዳቦና ጠላ እርሱ እንደሚችል ተናገረ። ተመሰገነ፣ ተመረቀም። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መሪጌታ፣ ቁሙና ዝማሜው ይቅርና ከከበሮው ቢጀመር እኮ ሳይነጋ ባለቀ ነበር» ሲል አማከራቸው።

መሪጌታው ሌሊቱን ሙሉ በዜማ የሻከረ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«ጌታዬ፣ እኛ የተቀበልነውን ነው የምንለው። ሠሪው ያሬድ ነውና እርሱን ያነጋግሩልን፤ ጠላውን ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢያደርሱልን ደግ ነው።»