ሆያ ሆዬ ልመና ነው ያለው ማነው?

ሰኞ ጠዋት ልጄን ዳቦ ግዛ ብዬ ልኬው ባዶ እጁን ተመለሰ። "አባዬ፣ ቡሄ ተከለከለ እኮ" አለኝ። ነሐሴ 13 ደግሞ እንዴት ነው የሚከለከለው እያልኩ እየሳቅኩ ስወርድ፣ የብሎካችን መግቢያ ላይ ማህተም የተመታበት ወረቀት ተለጥፏል። የግቢያችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ነው። "ሆያ ሆዬ እያሉ ወደ ግቢው መግባትም ሆነ የግቢው ልጆች በየብሎኩ እየዞሩ መጨፈራቸው ከዘንድሮ ጀምሮ በጥብቅ የተከለከለ ነው" ይላል። ምክንያቱ ሦስት ነው፤ ፀጥታ፣ ጩኸት፣ ሦስተኛው ደግሞ (ይሄኛውን ሁለቴ ነው ያነበብኩት) "ልጆቻችንን ልመና ስለሚያለማምድ"።

ልመና!

ማታ የግቢው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዷ እናት ለምን ብላ ጠየቀች፣ ከኮሚቴው አንዱ በድምፅ መለሰላት፣ አራት ደቂቃ ሙሉ። ጭማቂው ሲጨመቅ "በሰው በር ቆሞ ገንዘብ መጠየቅ ባህል ሊባል አይችልም፣ ዘመናዊ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው" ነው። ልመልስለት ስል ግሩፑ ተዘጋ፣ መጻፍ የሚችሉት አድሚኖች ብቻ ሆኑ። እሺ፣ እዚህ እንነጋገር።

ፀጥታውንና ጩኸቱን ቶሎ ልለፋቸው። ከልጆቹ ግማሾቹ ስማቸውን የምናውቃቸው የራሳችን ልጆች ናቸው፣ ከእነሱ ነው እንዴ የምንጠበቀው? ጩኸት ከተባለ ደግሞ ሲሰራ ለነዋሪው ከብት ማረጃና እንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የተሰራውን የጋራ ቤት ለጭፈራ ቤት ያከራየው ይሄው ኮሚቴ አይደለም ወይ? እዛ ቤት ውስጥ ቅዳሜ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚዘፈነው ዘፈን እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ግጥሙ ሁሉ ይሰማኛል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ የሰባት ዓመት ልጅ "ሆ" ሲል ነው ኮሚቴው ጆሮ የሚያወጣው።

ወደ ልመናው እንምጣ፣ ያናደደኝ እሱ ስለሆነ።

እስቲ በናታችሁ፣ ለማኝ ሳይመጣ ድርሻውን ጋግሮ የሚጠብቅ ቤት የት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሙልሙል እኮ ለቤተሰቡ ተጋግሮ ከተረፈ የሚሰጥ ዳቦ አይደለም። ገና ከዋዜማው ሊጡ ሲቦካ ለጨፋሪዎቹ ይሄን ያህል ተብሎ ታስቦ ነው። እኛ ሰፈር አንዲት እትዬ ነበረች፣ ልጅ አልነበራትም፣ ግን ከሁሉም ቤት ብዙ ሙልሙል የምትጋግረው እሷ ነበረች፣ ከምጣዱ ሲወጣ በኮባው ቅጠል ሽታ ነበር የምናውቀው፣ ከታች ጠቆር ያለ፣ ጫፍ ጫፉ የጠነከረ ጥፍጥ ያለ ዳቦ። አንድ ዓመት ዝናብ ይዞን እሷ ቤት ሳንደርስ መሸ። በማግስቱ መንገድ ላይ ስታገኘን ሰላም አላለችንም። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ፊቷን አዙራ አለፈች። ከዛ ወደ ኋላ ተመልሳ "ምን አድርጌያችሁ ነው ቤቴን የዘለላችሁት?" አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። እስካሁን ልመና ሳትለመን ቀርታ የተቀየመች ሴት አላየሁም። የኮሚቴው ሰው አይቶ ከሆነ ይንገረኝ።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ልጆቹ ይዘው የሚመጡት ነገር አለ፣ እሱም ምርቃት ነው። አባወራው ይወደሳል፣ እመቤቲቱ ትመረቃለች፣ ዓመት ዓመት ያድርሳችሁ ይባላል፣ ከልጅ አፍ የወጣ ምርቃት ደግሞ ይደርሳል ተብሎ ይታመናል። ሰው ሳንቲሙን የሚሰጠው ለዛ ነው። የነጋዴ ቋንቋ ካላወራችሁ አይገባንም ካሉ አገልግሎት ተሰጥቶ ክፍያ ተፈጸመ በሉት፣ ደረሰኝ የለውም እንጂ።

ከዛ ደግሞ ክፍፍሉ አለ። ይሄን ኮሚቴው ቢያየው ደስ ይለኝ ነበር፣ ከእኛ ግቢ ሂሳብ የተሻለ ነበርና። ስንነሳ አውጪ እንመርጣለን፣ ድምፁ ጎላ ያለና ግጥም የማይጠፋበት፣ ሌሎቻችን ተቀባይ ነን። ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፣ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ጎበዙ ሳይሆን ኪሱ ያልተቀደደው ነው። ስሙኒ፣ ሃምሳ ሳንቲም፣ አንድ ብር የሰጠ ሰው ከተገኘ ወሬው ከኛ ቀድሞ ሌላው ቡድን ጋ ይደርሳል። ማታ መብራት እንጨት ስር ቁጭ ብለን ፍርድ ቤት እንሆናለን፤ አውጪው ጉሮሮው ስለተሰነጠቀ ጭማሪ ይገባዋል ወይስ አይገባውም፣ የአምስት ዓመቱ ትንሽ ልጅ ሙሉ ድርሻ ይውሰድ ወይስ ግማሽ፣ ሲለማመድ ከርሞ በዕለቱ ያተኮሰው ልጅስ ይታሰብለታል ወይ። አስታውሳለሁ፣ ለታመመው ሙሉ ድርሻ እንዲደርሰው ተወስኖ ሦስት ሆነን ቤቱ ድረስ ወስደንለታል፣ በዛው ዓመት ገንዘብ ያዣችን ሃምሳ ሳንቲም ካልሲው ውስጥ ደብቆ ተገኝቶ ለሁለት ዓመት ዱላ እንኳን አልያዘም፣ ኋላ ኋላ እየተከተለ "ሆ" ብቻ ነበር የሚለው። ለሁለት ዓመት! ለሃምሳ ሳንቲም! የሊፍት ማሠሪያ ተብሎ ከየቤቱ የተሰበሰበው ብር የት ደረሰ ተብሎ ሲጠየቅ ግሩፕ የሚዘጋ ኮሚቴ ስለ ልጆች ሥነ ምግባር ሲያስተምረን ምን ልበል? ዕቁቡንም፣ ዕድሩንም፣ ዳኝነቱንም እኔ የተማርኩት እዛ እንጨት ስር ነው፣ በኋላ ያመጣሁት ዲግሪ ምንም አልጨመረበትም።

ደግሞ ልመናም ቢሆንስ? እስቲ ልመና ነው እንበል። የዚህ አገር ትምህርት በምን ቆመ? የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እያባረረው፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ከቤት ቤት ቁራሽ ለምኖ እየበላ አይደለም ወይ ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ድጓውን፣ መጻሕፍቱን እዚህ ያደረሰው? የሀብታሙ ልጅ እንኳን ከቤቱ ጠፍቶ ሄዶ ይለምን ነበር፣ ልመናው ራሱ የትምህርቱ አካል ስለሆነ። እነዛ ሊቃውንት ይህን ግቢ ቢያንኳኩ ጥበቃው "ልመና ክልክል ነው" ብሎ ሊመልሳቸው ነው ማለት ነው።

እውነተኛ ልመና ማየት የፈለገ ማታ ማታ ቲክቶክ ላይቭ ይክፈት። ጢም ያወጣ ሰውዬ "ታፕ ታፕ አድርጉ፣ አንበሳ የሚልክልኝ ጀግና ማነው" እያለ ሌሊቱን ሙሉ ሲለማመጥ፣ ምርቃት የለ፣ ዜማ የለ፣ ዳቦ የለ። ለዛ ማስታወቂያ ሲለጠፍ አላየሁም። ከኮሚቴው አንዱን እንደውም እዛው ጽጌረዳ ሲልክ አይቼዋለሁ፣ ስሙን አልጠራም።

የሚገርመኝ ሌላው ነገር ይሄው የኮሚቴው ሰው ስለ ቅርስ ሲጽፍ የሚያክለው የለም። መስቀል በፈረንጆቹ 2013 ዩኔስኮ ሲመዘገብ፣ ፍቼ ጨምበላላ በ2015፣ ገዳ በ2016፣ ጥምቀት በ2019፣ የሐረር ሹዋሊድ በ2023፣ በየተራው ኩራታችን እያልን ነው፣ ፕሮፋይል የቀየረም ብዙ ነው። ጥሩ ነው፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ዝርዝር ውስጥ የገባውን እያጨበጨበ በሩ ላይ የመጣውን የሚያባርር ሰው ቅርስ ማለት ሰርተፊኬት መስሎት መሆን አለበት። አገራችን ተቀብላ ያጸደቀችው የዩኔስኮ ስምምነት (በፈረንጆቹ የ2003ቱ) እንኳን የማይዳሰስ ቅርስ የሚለው ሕዝቡ ራሱ የኔ ብሎ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያስተላልፈውን ነው። ማን ነው የሚያስተላልፈው? ሚኒስቴሩ ነው? ያ ዱላ ይዞ ደረጃ የሚወጣው ልጅ ነው እኮ።

ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 16፣ ሰቆጣ ላይ ሻደይ፣ ላሊበላ ላይ አሸንድዬ፣ ቆቦ ላይ ሶለል፣ ትግራይ ላይ አሸንዳ ይሆናል፣ ልጃገረዶቹ ለምለሙን ወገባቸው ላይ አስረው በየቤቱ ይጨፍራሉ፣ ስጦታም ይቀበላሉ። መስከረም 1 ደግሞ አበባየሆሽ አለ። እነሱንም ለማኝ ሊላቸው ነው? አይልም፣ ቴሌቪዥን በድሮን ስለሚያነሳቸው። የእኛ ልጆች ድሮን የላቸውም፣ ጥፋታቸው እሱ ነው።

"አንተ የልጅነት ትዝታህን ነው የምታወራው" የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ነው፣ ምን ችግር አለው? ክረምት ማለት ለኛ ጭቃ፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ ቆርቆሮ የሚደበድብ ዝናብና የበቆሎ እሸት ጥብስ ነበር፣ ሰኔና ሐምሌ ሙሉ በመስኮት እያየን ነበር የምናሳልፈው። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት ሲባል ቀልድ አልነበረም፣ የጅራፉ ጩኸት ከሰፈር ሰፈር ሲሰማ ሰማዩ ራሱ ቶሎ በል የተባለ ይመስለን ነበር። ቃጫ ለሁለት ቀን ስንገምድ መዳፋችን ይላጣል፣ ጫፉን ስናሳሳ ሙያ ነው፣ ወፍሮ ከቀረ አይጮህም። ጩኸቱ በደብረ ታቦር ከሰማይ የተሰማው ድምፅ ምሳሌ ነው፣ ችቦው ብርሃኑ ነው ብለው የነገሩን በኋላ ነው፣ መጀመሪያ እጃችን ነው ያወቀው። እምነትም አገርም እንዲህ ነው የሚገባው፣ ከእጅ ወደ ላይ።

ሰፈራችን ዛሬ የለም። ብዙዎቻችን የምናውቀው ነው፣ ፒያሳ እንዴት እንደሆነ፣ ካዛንቺስ እንዴት እንደሆነ፣ ጎረቤት አንዱ አራብሳ ሌላው ኮዬ ፈጬ ተበተነ። ስለ ልማቱ ዛሬ አልከራከርም። ግን ቤቱ ሲፈርስ፣ ቆርቆሮው በኩንታል ሲሸጥ፣ ተሸክመን ወደ ኮንዶሚኒየም ልናመጣ የምንችለው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ዓይነቱ ነበር። ዕቃ አይደለም፣ ካሬ ሜትር አይፈልግም። እሱንም በር ላይ በማህተም መለስነው።

አንድ ነገር ልቀበል፣ እሱም ቡሄ ሰሞን አስፋልት ላይ መኪና እያስቆሙ ካልሰጠህ አናሳልፍህም የሚሉት ጎረምሶች ነገር ነው። እኔም መስታወቴን ዘግቼ አውቃለሁ፣ እሱ ሆያ ሆዬ ሳይሆን ኬላ ነው። ለዛ ግን ፖሊስ አለ፣ የሰባት ዓመቱን ልጅ በእነሱ ዕዳ መያዝ ምን ይባላል?

አምና ሦስት ልጆች ወደ እኔ ቤት መጡ። አንዱ የመወልወያ እንጨት፣ አንዱ የውኃ ቱቦ ቁራጭ ይዟል፣ ሦስተኛው ባዶ እጁን ነው። ሴራሚኩን እየመቱ ጀመሩና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቆሙ። ተያዩ። አውጪው ከኪሱ የእናቱን ሞባይል አወጣና ግጥሙን ከስክሪኑ ላይ እያነበበ ቀጠለ፣ መሃል ላይ ማስታወቂያ ገባበት፣ በጣቱ ገፍቶ ዘጋውና "ሆ በሉ እንጂ" ብሎ ጓደኞቹን ተቆጣ። ሳቄን ዋጥኩት፣ ከዛ ደግሞ የሚያስቅ ሆኖ አልታየኝም። ያቺ ስልክ ላይ የቀረችውን ነው ኮሚቴው ሊነጥቅ የመጣው።

ትናንት ጥበቃውን ጋሼን አናገርኩት፣ ጎጃም ነው ያደገው። "አንተ በር ላይ ትመልሳቸዋለህ?" አልኩት። ወረቀቱን ቀና ብሎ አየና "ነሐሴ 12 ማታ ዓይኔን ያመኛል፣ የሚገባ የሚወጣውን አላይም" አለኝ። ዳቦ ቤቷም ሃያ ሙልሙል አዝዣለሁ፣ ባለቤቷ "ስንት ልጅ አለህ?" አለችኝ፣ ሁለት ስላት ሳቀች።

ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃውን እንደወጣችሁ በግራ። ደወሉ አይሠራም፣ መሬቱን ምቱት።