ለክቡር አቶ ሊዝ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዕድሜዎ እንዲራዘምልኝ ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፦

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ? ጥያቄው ለወጉ ያህል አይደለም። እርስዎ አንድ ዓመት ባረጁ ቁጥር የእኔ ፍላት (አፓርታማ) ዋጋ ይወርዳል። እርስዎን የማራዘሚያው ዋጋ ደግሞ ይወጣል። ሊሞት ሲቃረብ የሚወደድ እርስዎን ብቻ ነው ያየሁት።

ለማያውቁዎት ላስተዋውቅዎት። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ፍላት ገዛሁ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤት አልገዛም። የገዛው ዓመታት ነው። 99 ወይም 125 ዓመት ይሰጡታል፤ ከዚያ ወደ ታች መቁጠር ነው። ሕንፃውና መሬቱ የባለቤቱ፣ ፍሪሆልደር የሚባለው፣ ናቸው። ዓመቱ ሲያልቅ፣ በወረቀቱ መሠረት ቤቱም ወደ እሱ ይመለሳል። ባቡር ተሳፍረው ስኮትላንድ ቢገቡ ግን ዞር ብሎ የሚያይዎት የለም። እዚያ ፍላት የገዛ፣ ገዛ።

እናቴ ልትጠይቀን ለንደን የመጣች ጊዜ የእርስዎ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

“ቤቱን ገዝቼዋለሁ አላልከኝም?”

“ገዝቼዋለሁ።”

“ታዲያ ይሄ የምን ሂሳብ ነው?”

“የመሬት ኪራይ ነው እማዬ። ግራውንድ ሬንት።”

“አራተኛ ፎቅ ላይ?”

መልስ አልነበረኝም። አዲስ አበባ የመሬት ሊዝ እንዳለ ታውቃለች። ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ መሬቱ የመንግሥት፤ እሱ ገብቷታል። ያልገባት፣ መልኩን አይተን የማናውቀው ኩባንያ በየዓመቱ ፖስታ የሚልክበት ምክንያት ነው። ይባስ ብሎ ሲያሻው ሕንፃውን ለሌላ ኩባንያ ይሸጠዋል፤ እኛንም ከነሊዛችን። “ጭሰኛ ነህ በለኛ!” አለች። “ይሄ ነገር በ67 በአዋጅ አልቀረም እንዴ?”

ቀርቷል እማዬ። አዋጁ ለንደን አልደረሰም።

ስለ ጠባይዎ ብዙ አልልም። በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት አይወዱም። ዲሽ አይወዱም። ድመት በፈቃድ ነው ይላሉ። ፈቃድ ጠየቅን፤ የፈቃዱ ክፍያ ከድመቷ በለጠ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። 81 ዓመት ቀርቶዎታል። ሌላ ሰው 81 ዓመት ቀረው ቢባል እልል ይባል ነበር። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። 80 ላይ ሲደርሱ ማሪጅ ቫልዩ የሚባል ነገር ይዘው ይመጣሉና። ሊዝ ሲራዘም የፍላቱ ዋጋ ከፍ ይላል አይደል? ከዚያ ጭማሪ ግማሹ የፍሪሆልደሩ ነው። የቀረው ዘመን ከ80 ዓመት በላይ ከሆነ ግን ይህ ሂሳብ ጭራሽ የለም። እንግዲህ እርስዎ ከ80 በላይ ሆነው ሲመሽ፣ 80 ሆነው ሲነጋ፣ መሀል ያለችው ሌሊት በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ልታስከፍል ትችላለች። በዚያች ሌሊት ፍሪሆልደሩ ምን ሠራ? ተኛ።

መብት የለህም አልተባልኩም። እ.ኤ.አ. የ1993ቱ ሕግ በቀረው ላይ 90 ዓመት ያስጨምርልኛል፤ በዋጋው እርግጥ። ግራውንድ ሬንቱም ወደ አንድ ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ይወርዳል። ቀልድ አይደለም፤ ሕጉ ላይ እንዲሁ ነው የተጻፈው። እኔ በበኩሌ ለመላክ ዝግጁ ነኝ። ኮረሪማም እመርቅበታለሁ።

ችግሩ መንገዱ ነው። ጠበቃዬን እከፍላለሁ። ዋጋ የሚገምትልኝን ሰርቬየሬን እከፍላለሁ። ከዚያ የጌታዎን የፍሪሆልደሩን ጠበቃና ሰርቬየርም፣ ወጪው ተገቢ እስከሆነ ድረስ፣ የምከፍለው እኔው ነኝ። እኔ ዋጋው ይቀነስ እላለሁ፣ እሱ ይጨመር ይላል፤ የሁለታችንም ስፖንሰር እኔ። ተገራፊ አለንጋውን ራሱ ገዝቶ ሲያቀርብ እንዲህ ነው።

ጌታዎ በጎን ሌላ ሐሳብ ልከውልኛል። “ሕጉን ተወው፤ በስምምነት ረከስ አድርገን እንጨርስ” ነው ነገሩ። ደስ አለኝ። ገጹን ገለጥ ሳደርግ፣ ዓመቱ ወደ 125 ይመለሳል፤ የድሮው ግራውንድ ሬንት ግን የድሮው ዘመን እስኪያልቅ ይቀጥላል። ረከስ ያለችው ነገር ገና 81 ዓመት ትከፈላለች ማለት ነው።

አዲሱን ሕግ ጠብቅ የሚሉኝም አሉ። ላም አለኝ በሰማይ! ሕጉ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ጸደቀ። 990 ዓመት ማራዘም ይቻላል፣ ማሪጅ ቫልዩም ይቀራል ተባለ። አጨበጨብን። ይህን እስክጽፍ ድረስ ግን እነዚህ አንቀጾች ሥራ አልጀመሩም። ፍሪሆልደሮች ሰብዓዊ መብታችን ተነካ ብለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2025 ተሸነፉ። ያሸነፍነው እኛ ደግሞ አሁንም ወረፋ ላይ ነን። አንዲት ነገር ግን አልክድም። ድሮ ፍላት የገዛ ሰው ማራዘሚያ ለመጠየቅ 2 ዓመት መጠበቅ ነበረበት፤ ይህ ከጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ወዲህ ቀርቷል። ለእኔ እንኳ አልጠቀመኝም። ስንት ዘመኔ እዚህ ቤት!

ልጠብቅ? ሕጉ ቀድሞ ከደረሰ አተረፍኩ። እርስዎ ቀድመው 80 ከገቡ አለቀልኝ። መንግሥትና አቶ ሊዝ ማን ይቀድማል ብሎ መወራረድ ነው። መንግሥት ቀጠሮ ያዛውራል። እርስዎ ግን አንድ ቀን ዘግይተው አያውቁም። ሊዛችሁ 83 እና 84 ላይ ያለ ጎረቤቶቼ መወራረድ ትችሉ ይሆናል። ሊዙ 81 ላይ ያለ ሰው ግን ባይቀልድ ይሻለዋል።

ስለዚህ ዕቁቤን ለምኜ ቀድሜ ወሰድኩና ይራዘምልኝ የሚለውን ማመልከቻ፣ ኖቲሱን፣ አስገባሁ። ዋጋው የሚሰላው ኖቲሱ በገባበት ቀን ነው። ከእንግዲህ ቢያረጁ የራስዎ ጉዳይ ነው። ለጌታዎ መልስ መስጫ ቢያንስ 2 ወር መስጠት ግዴታዬ ስለሆነ ሰጥቻለሁ። እስካሁን ድምፃቸው የለም። ግራውንድ ሬንቱ ሲዘገይ ግን ደብዳቤያቸው ከነቅጣቱ እንዴት እንደሚፈጥን ያውቃሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የአራተኛ ፎቅ ጭሰኛ

ግልባጭ፦
ለጠበቃዬ (ይህን በማንበብዎ እንደማያስከፍሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ)
ለጌታዎ ጠበቃ (እርስዎ እንደሚያስከፍሉኝ አውቃለሁ)
ለዕቁቡ ዳኛ (ፍሪሆልደሩ መልስ እስኪሰጡ የዚህን ወር ይታገሡኝ)