ሳይነበብ የሚታተም፣ ሳይሰማ የሚጨበጨብለት

የሰው ልጅ ሸክሙን በጎማ፣ ጨለማውን በአምፖል አቅልሏል። ንባብ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እዚያው ትከሻው ላይ ነበር። ምስጋና ለተግባራዊ ኮምፒውቲንግና ለበይነ መረብ ማኅበረሰቦች ጉባኤዎች ይግባና ይህም ሸክም ወርዶልናል። እዚያ ጸሐፊው ያላነበበውን ይጠቅሳል፤ ገምጋሚው ያላነበበውን ያሳልፋል፤ ታዳሚው ላልሰማው ያጨበጭባል። ማንም ማንንም አያስቸግርም። እንዲህ ያለ መተሳሰብ በወንድማማቾች መካከል እንኳ ብርቅ ነው።

ክብሩ ጽሑፍ አቅርቡ ከሚለው ጥሪ ይጀምራል። ኢሜይሉ ገና ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማረውን ልጅ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ ይሾመዋል። የጥናት መስኮቹ ከሥር ይደረደራሉ፤ ከሽቦ አልባ ሴንሰር እስከ ርቀት ትምህርት፣ ከምስጠራ እስከ ማኅበራዊ ሚዲያ ሱስ። የቀረ ካለ ቅር እንዳይለው «እና ተዛማጅ ጉዳዮች» ይጨመርበታል። የማስረከቢያ ቀኑን አምኖ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያነጋ ሰው የጉባኤ ቋንቋ ገና አልገባውም። ቀኑ ሲደርስ «ከበርካታ ተመራማሪዎች በቀረበልን ጥያቄ መሠረት» ሁለት ሳምንት ይራዘማል። ሰሙ ይህ ነው፤ ወርቁ «የገባው ጽሑፍ ለአዳራሹ ኪራይ አልበቃም» ነው። ሁለተኛው ማራዘሚያ «የመጨረሻ»፣ ሦስተኛው «ጥብቅ የመጨረሻ» ይባላል። ሰዓቱ ደግሞ «በምድር የትኛውም ስፍራ» በሚባለው አቆጣጠር ነው፤ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 12 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በዚያ የሰዓት ክልል የሚገኙት ቤከርና ሃውላንድ የሚባሉ የፓስፊክ ደሴቶች ሰው አይኖርባቸውም። ማንም የማያነበውን ጽሑፍ ማንም በማይኖርበት ደሴት ሰዓት መቀበል፣ ይህ ነው መጣጣም ማለት።

ጽሑፉ ባለ ሁለት ዓምድ፣ ስድስት ገጽ ነው። ሐሳቡ ገጽ ተኩል ብቻ ቢሆን አያሳስብም። መጀመሪያ «የሥርዓቱ አርክቴክቸር» የሚል ሥዕል ይገባል፤ ሦስት ሣጥን፣ ዳታቤዝ የሚባል አንድ ሲሊንደር፣ ወዲያና ወዲህ የሚያመለክቱ ቀስቶች። ግማሽ ዓምድ ሄደ። ቀጥሎ የቃል ደመና፤ ከማኅበራዊ ሚዲያ በተለቀሙ መልእክቶች ውስጥ የተደጋገመ ቃል ገዝፎ የሚታይበት ሥዕል። ከሁሉ ገዝፎ የሚታየው ቃል መልእክቶቹ የተለቀሙበት የመፈለጊያ ቃል ራሱ ነው፤ ግኝት ተብሎ ይመዘገባል። አሁንም ከጎደለ መግቢያው ላይ በይነ መረብ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነው፤ አንባቢው (ከኖረ) አልሰማ ይሆናል። በተቃራኒው ሐሳቡ ሞልቶ ወደ ሰባተኛው ገጽ ከፈሰሰ፣ ትርፍ ገጽ ያስከፍላልና መቁረጥ ግድ ነው። መጀመሪያ የሚቆረጠው «የጥናቱ ውስንነቶች» የሚለው ክፍል ነው። ከዚያ ላቴክ በሚባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ የሥዕሎቹን ዙሪያ ክፍተት በኔጌቲቭ ቁጥር ማጥበብ። እጅ ከበዛበት የሥዕሉ መግለጫ አንቀጹ ላይ ይወጣና ሁለቱም አይነበቡም፤ ጉዳት የለውም።

ማኅበረሰብም ያስፈልጋል። ቀላሉ መንገድ የሚያስተምሩትን ክፍል መጠይቅ ማስሞላት ነው፤ 40 ተማሪ፣ ባለ አምስት ደረጃ ምርጫ፣ ማርክ የሚሰጠው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ። «መተግበሪያውን ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ለሚለው አማካዩ አራት ነጥብ ምናምን ይወጣል፤ ማን ደፍሮ ሁለት ያከብባል? እነዚህ 40 ልጆች በአብስትራክቱ (በመግቢያው አጭር ማጠቃለያ) «ተጠቃሚዎች» ይሆናሉ፤ ርዕሱ ላይ ሲደርሱ «ማኅበረሰቡ»።

መጠይቅ ለሚያታክተው ደግሞ ካራቴ ክለቡ አለለት። ተመራማሪው ዌይን ዛካሪ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ካራቴ ክለብ አባላትን ወዳጅነት አጥንቶ በ1977 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሳተመ፤ 34 ሰዎች፣ 78 ግንኙነቶች። አሠልጣኙና አስተዳዳሪው ተጣልተው ክለቡ ለሁለት ተከፈለ። ያ ጠብ ስንቱን አልጎሪዝም አሳደገ! በኮምፒውተር ማኅበረሰብን ለይቼ አወጣሁ የሚል ሁሉ መልሱ ከ1977 ጀምሮ የታወቀውን ጥያቄ እንደገና ይፈታል። የመስኩ ሰዎች ራሳቸው ተሳልቀው ዋንጫ አዘጋጅተዋል፤ በኔትዎርክ ጉባኤ ላይ ካራቴ ክለቡን ቀድሞ በምሳሌነት ያነሣ ይሸለማል። መሸማቀቅ አያስፈልግም፤ ዋንጫ ዋንጫ ነው፣ ሲቪ ላይ ይገባል።

የጽሑፉ ዋና ጌጥ ግን መቶኛው ነው። 1,000 መልእክት ተሰብስቦ 50ው የጥላቻ ንግግር ነው እንበል። አንዱንም ሳያነብ ሁሉንም «ጥላቻ አይደለም» የሚል ፕሮግራም 95 በመቶ ትክክል ነው፤ አንዲት የጥላቻ መልእክት ግን አይዝም። በጉባኤው የሚቀርበው፣ ጥልቅ የነርቭ መረብ የተባለው ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም 94.7 ያመጣል። ጭብጨባ። ከ50ዎቹ ስንቱን ያዘ የሚል ነገረኛ እንዳይነሣ ይህን የሚናገረውን፣ ሪኮል የተባለውን ቁጥር ከሠንጠረዡ ማውጣት በቂ ነው። ከዚህ የበለጠ ለሚሻ ደግሞ ቅደም ተከተል የሚባል ብልሃት አለ። መልእክቶቹን መጀመሪያ መማሪያና መፈተኛ ብሎ ከፍሎ፣ ከዚያ በመማሪያው ወገን ብቻ ጥቂቶቹን ያባዛ ሰው ተራ ውጤት ይዞ ይቀራል። ብልኁ 50ዎቹን መጀመሪያ አባዝቶ 950 ያደርሳል፤ ከዚያ ይከፍላል። አንዱ መልእክት በሁለቱም ወገን ይገኛል፤ ሞዴሉም መልሱን አስቀድሞ ያየውን ፈተና ተፈትኖ 99 በመቶ ይደፍናል።

የቀደሙ ሥራዎች ዳሰሳ የሚባለው ክፍል ያነበቡ ይመስላል እንጂ ማንበብ አይጠይቅም። የሌሎችን አብስትራክት ገልብጦ ቃል በሚለዋውጥ ሶፍትዌር ማሳለፍ ነው፣ የመመሳሰል ቆጣሪው እንዳይጮህ። ተመራማሪዎቹ ጊዮም ካባናክ፣ ሲሪል ላቤና አሌክሳንደር ማጋዚኖቭ በ2021 የዚህን ምርት «የተሠቃዩ ሐረጎች» ብለው ሰብስበውታል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የነበረው፣ የእንግሊዝኛው ቃል በቃል ሲመለስ፣ «ሐሰተኛ ንቃተ ኅሊና» ሆኖ ታትሟል። ይህን ያሳለፈ ገምጋሚ ሳያስበው እውነቱን ተናግሯል።

ስለ ገምጋሚዎች ከተነሣ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው። ጽሑፉ የጸሐፊው ስም ተሸፍኖ ይደርሳቸዋል። ማን እንደጻፈው የሚታወቀው «ቀደም ሲል በሥራችን [3] እንዳሳየነው» የሚለውን ካዩ ወይም የፒዲኤፉን ባሕርያት ከፍተው የተረሳውን ስም ካገኙ ብቻ ነው። አንደኛው «ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ሰዋስው ቢታይ» ይላል፤ ለማንም ልክ የሚሆን ልብስ። ሁለተኛው አምስት ማጣቀሻ እንዲጨመር ያዝዛል፤ አራቱ የአንድ ሰው ሥራዎች ናቸው፣ የማን እንደሆኑ መናገር ነውር ነው። ሦስተኛው ጊዜ ስላጣ ለተማሪው አስተላልፎታል።

ይህን ሚዛን የሚያሙ አሉ። እስቲ አንብበው የሚፈርዱትን እንይ። በ2014 ያኔ ኒፕስ ይባል የነበረው ትልቁ የማሽን ለርኒንግ ጉባኤ 166 ጽሑፎችን ለሁለት የማይገናኙ ኮሚቴዎች ሰጠ። በ43ቱ አልተስማሙም፤ አንዱ ኮሚቴ ከተቀበላቸው ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡትን ሌላው ጣላቸው። ሳያነቡ ማሳለፍ ቢያንስ ወጥነት አለው።

ወጥነቱም ተፈትኗል። በ2005 ሦስት የኤምአይቲ ተማሪዎች ሳይጀን የተባለ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ጽሑፍ በዘፈቀደ የሚገጣጥም ፕሮግራም ሠርተው ምርቱን ወደ አንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላኩ። ከተላኩት ጽሑፎች አንዱ ያለ ግምገማ ተቀባይነት አገኘ። ግራፍ ነበረው፣ ማጣቀሻ ነበረው፣ መደምደሚያ ነበረው፤ ትርጉም ብቻ ጎደለው። በ2014 ደግሞ ላቤ ባደረገው ፍተሻ ምክንያት ስፕሪንገርና አይትሪፕልኢ የተባሉት አሳታሚዎች ከጉባኤ መድበሎቻቸው ከ120 በላይ የሳይጀን ጽሑፎችን አነሡ። ልብ ይበሉ፣ ለይቶ ያወጣቸው ሶፍትዌር ነው፤ በአንባቢ እጅ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ በሰላም በኖሩ። በዚያው ዓመት ጉባኤ ባይሆንም የሥጋ ዘመዱ የሆነ አንድ መጽሔት፣ ከኢሜይል ዝርዝራችሁ አውጡኝ የሚል አንድ የስድብ ዓረፍተ ነገር አሥር ገጽ ሙሉ የተደጋገመበትን ጽሑፍ «እጅግ ጥሩ» ብሎ ተቀበለ፤ 150 ዶላርም ጠየቀ።

ቀኑ ደረሰ። ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ፤ 15ቱ ለንግግር፣ 5ቱ ለጥያቄ። በፕሮግራሙ ላይ አራት አቅራቢዎች አሉ፤ ሁለቱ የምዝገባውን ከፍለው ቀርተዋል፣ ጽሑፉን መድበሉ ውስጥ የሚያስገባው ክፍያው ነውና። ክፍሉ ውስጥ ያሉት የቀሩት ሁለቱ፣ ሰብሳቢው፣ የመሣሪያው ባለሙያና ሶኬት ፍለጋ የገባ አንድ እንግዳ ናቸው። ላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ፣ የክፍሉ ገመድ ቪጂኤ፣ መቀየሪያው ሌላ ክፍል። አምስት ደቂቃ በዚህ አለፈ። ስላይዱ 31 ነው። ሁለተኛው «ይዘት» ይላል፤ መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ መደምደሚያ፣ ሌላ ነገር ይመጣ ይሆን ብሎ ለሰጋ። የውጤቱ ሠንጠረዥ ከጽሑፉ እንዳለ ተቆርጦ ተለጥፏል። «ከኋላ ላይታያችሁ ይችላል» ይላል አቅራቢው፤ ከፊትም አይታይም። ማመልከቻ ሌዘሩ በሸራ ላይ ይሠራ ነበር፤ ይሄኛው ኤልሲዲ ስክሪን ስለሆነ ነጥቡን ውጦ ያስቀረዋል። ሰብሳቢው «2 ደቂቃ» የሚል ወረቀት ሲያነሣ ንግግሩ ገና የቀደሙ ሥራዎች ዳሰሳ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ስላይድ በአንድ ትንፋሽ ያልፋል፤ በየመሃሉ «ዝርዝሩን ጽሑፉ ላይ ታገኙታላችሁ»። ላም አለኝ በሰማይ።

ጥያቄ አለ? አንድ እጅ ይነሣል። «ጥያቄ እንኳ አይደለም፣ አስተያየት ነው።» ስለ ራሱ ጥናት ሦስት ደቂቃ ያወራል። አቅራቢው «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ ያመሰግናል። የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ጄኮብ ኒልሰን በ2006 ባሰፈረው ቀመር ከበይነ መረብ ማኅበረሰብ አባላት 90 ከመቶው ዝም ብሎ ያያል። እዚህ ክፍል ያን ያህል አይደርስም፤ አብዛኛው የሚያየው የራሱን ኢሜይል ነው።

የቀረው ጥቅስ ማግኘት ነው። እዚህ ላይ እከክልኝ ልከክልህ ከማንኛውም የፍለጋ ሞተር ይፈጥናል። ላቤ በ2010 አይክ አንትኬር የሚባል በምድር ላይ የሌለ ተመራማሪ ፈጥሮ፣ አንድ መቶ ያህል የሳይጀን ጽሑፎቹ እርስ በርስ እንዲጠቃቀሱ አደረገ። የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያው ጉግል ስኮላር ሁሉንም ቆጥሮ የተጠቃሽነት መለኪያውን፣ ኤች-ኢንዴክሱን፣ 94 አደረሰው፤ አንስታይንንም በለጠ። በሕይወት ላለ ሰው ይህ ትንሽ ይከብዳል፤ ግን አይጠፋለትም። በሚቀጥለው ዓመት ጥሪው ይመጣል፣ ቀኑ ይራዘማል፣ የዘንድሮው ጽሑፍም የመጀመሪያ ጥቅሱን ያገኛል፤ በማጣቀሻ ቁጥር 3 ላይ፣ የጸሐፊው ስም ተሸፍኖ።