አምስት ደቂቃ፣ ማርያምን!

እኛ አገር ስኳር ይጠፋል፣ ነዳጅ ይጠፋል፣ መብራትም እንደ ልማዱ ይጠፋል። መሐላ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ተሰልፈንለት አናውቅም፣ የዋጋ ተመን አልወጣለትም፣ ዶላር አይፈልግም። ይህን የመሰለ ሀብት ይዘን አንድ የሚያመሰግን ሰው መጥፋቱ ያሳዝነኛል። እስቲ ዛሬ እኔ ላመስግን።

መርካቶ ግቡ። ነጋዴው ሸሚዙን ዘርግቶ «እግዜርን፣ በመጣበት ነው የጠራሁልህ! አንድ ብር አላተርፍም!» ይላል። ትሄዳለህ። ሦስት እርምጃ ሳትራመድ «ና ውሰደው!» ይልሃል፣ ሁለት መቶ ብር ቀንሶ። ቅድም ትርፍ አልነበረውም፤ አሁን ደግሞ ከኪሱ ጨምሮ ሊሸጥልህ ነው። ለማያውቀው ደንበኛ ብሎ የሚከስር ነጋዴ ሌላ የት ይገኛል? ሲከስር ውሎ፣ ማታ ሱቁን ዘግቶ፣ በራሱ መኪና ወደ ቤቱ ይገባል። በዚህ ዓይነት ኪሳራ ሦስተኛ ሱቅ የከፈቱም አሉ።

ቀጠሮ ላይማ መሐላችን ልዩ ነው። «የት ደረስክ?» «መገናኛ ነኝ! አምስት ደቂቃ፣ ማርያምን!» ከኋላው የሻወር ውሃ ሲወርድ ይሰማል። ማዘጋጃ ቤቱ መገናኛ ላይ ሻወር ተክሎ ይሆናል እንጂ ሰውን መጠራጠር ደግ አይደለም። ወላሂ ቢጨምርበትማ ጭራሽ መጠየቁም ነውር ነው።

በዚህ በኩል አያቶቻችን ወደ ኋላ የቀሩ ነበሩ። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ ወስልቶ የሚቀረውን «ማርያምን! ለዚህ አማላጅ የለኝም» ብለው አስጠነቀቁ። አንዲት «ማርያምን» ናት። ያቺው ለአንድ ሙሉ ዘመቻ በቃች! ዘመቻዬ በጥቅምት ነው አሉ፤ በጥቅምት ተነሡ። የካቲት 23 ዓድዋ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። አሁን ይሄ ድካም አይደለም? ይምላሉ፣ ደግሞ ሄደው የማሉትን ይፈጽማሉ። እኛ ሁለተኛውን ሥራ ትተን በመጀመሪያው በርትተናል። በዛሬ ገበያ አንዲት «ማርያምን» ከኪሎ ቲማቲም ላይ አምስት ብር አታስቀንስም፤ ቢያንስ ገብርኤልና ሚካኤል መጨመር አለባቸው።

ከሁሉም የማደንቀው ግን ስጋት የሌለበትን መሐላ የፈለሰፈውን ነው። «እናቴ ትሙት!» ይላል ደረቱን እየደቃ። እናቱን የዛሬ ሁለት ዓመት አብረን ቀብረናል። እኔው ነኝ ድንኳን የተከልኩት።

የማዕዱን መሐላ ለይቼ አየዋለሁ። «አፈር ስሆን፣ አንዲት ጉርሻ!» «ማርያምን ጠግቤያለሁ!» «ስሞት!» «ውይ፣ አንቺ አትሙቺ፤ በቃ የመጨረሻ።» ጋባዧ ሁለቴ ልትሞት ተነሥታ አልሞተችም፤ እንግዳው በማርያም ምሎ ጠግቦ ሦስት ጉርሻ ዋጠ። እዚህ ጋ ሽሙጤን አነሣለሁ። ይሄኛው ውሸት ዶሮ ወጥ ያለበት ነው፤ አልነካውም።

ሳይምል የሚናገር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? «ቅዳሜ አመጣዋለሁ» ብሎ ዝም ይላል። ያስፈራል። «ማርያምን በል!» ስትለው «ብያለሁኮ» ይልሃል። የሆነ ነገር ቢኖረው ነው እንጂ ሰው በደህናው መማል ምን ይከብደዋል? ቅዳሜ ሲመጣ ዕቃውን ይዞ ይመጣል፤ ያን ጊዜም በጥርጣሬ ተቀብለን ገልብጠን እናየዋለን።

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ «ከቶ አትማሉ» ተብሎ ተጽፏል። ንግግራችሁም አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ይሁን ይላል። ይህ ሲነበብ ቆመን፣ ራሳችንን እየነቀነቅን እናዳምጣለን። በር ላይ ስንወጣ ደግሞ «የዛሬው ስብከት ልብ ይነካል፣ ማርያምን!» እንባባላለን።

የጥንቶቹ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ ነበር። ጨካኞች! የዘመኑ ሰው ለልጁ ይራራል። አንድ ወዳጄ ብር ሲበደረኝ «ልጄን! ደሞዝ እንደወጣ እመልስልሃለሁ» አለኝ። ደሞዝ ወጣ፤ ደጋግሞም ወጣ። ስለ ብሩ የሰማሁት የለም። ልጁ ግን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው። ባለፈው እሁድ ልደቱ ተከብሮ ተጠርቼ ነበር። ባለ ሁለት ፎቅ ኬክ ነው የተቆረሰው። አባትየው ከሁሉም ተለቅ ያለውን ቁራሽ ለእኔ አምጥቶ «አፈር ስሆን ብላ፣ ያንተው ቤት ነው!» አለኝ። በላሁ። የገንዘቤን የመጀመሪያ ክፍያ መቀበሌ ነበር።