እርማት፦ የእንስሳት ሐኪም የውሻና የድመት ብቻ አይደለም

«ውሻና ድመት ስለምወድ፣ የእንስሳት ሕክምና ሥራው እነሱን ማከም ስለሆነ ልማረው እፈልጋለሁ» ላልሽው፦ ፍቅሩ ይጠቅማል፤ ሥራው ግን ሰፊ ነው። ቄራ ብትሄጂ ሐኪሙን ቢላ ይዞ ታገኚዋለሽ። በሬው ሳይታረድ ቆሞም እየተራመደም ይታያል። ከታረደ በኋላ የመንጋጋው ሥጋ፣ ምላሱ፣ ልቡና የትከሻው ሥጋ እየተሰነጠቀ የኮሶ ትል ከረጢት ይፈለጋል፦ ትንሽ፣ ውኃ ያዘለ፣ ውስጡ ነጭ ነጥብ ያለበት። በጥቂት ስንጥቅ ብቻ ሲፈተሽ ከረጢቱ ሊያመልጥ ይችላል (ጥሬ ሥጋ ወዳጆች ልብ በሉ)። ሳንባና ጉበት ላይ የውኃ ቋጠሮ (የሌላ ትል እጭ ያለበት ከረጢት) ከተገኘ ለሰፈር ውሻ አይጣልም፤ ትሉ ውሻው ሆድ ውስጥ አድጎ እንቁላሉ ወደ ሰው ይተላለፋልና። ኮሌጁንም አራት ኪሎ አትፈልጊው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው።