ፔዳሉ ጠነከረ ማለት አየሩ ወጣ ማለት አይደለም

«የፍሬን ቱቦ ራሴ ቀይሬ ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥኩት፤ ሲጠነክር ተውኩት» ላልከው ወንድሜ፦ ገና አላለቀም። ብዙ ሰው ፔዳሉ ሲጠነክር አየሩ የወጣ ይመስለዋል፤ ቱቦው ሲቀየር የገባው አየር ግን እዚያው ነው። ደጋግመህ ስትረግጥ ተጨማሪ ዘይት ይገፋል፣ አየሩም ይታመቃል። ትንሽ ቆይተህ እርገጠው፣ ተመልሶ ይሰምጣል።

አየሩ የሚወጣው ጎማው ጋ ባለችው ማስወጫ ብሎን ነው። ረዳትህ ረግጦ ይያዝ፣ አንተ ብሎኗን ላላ አድርጋት። አረፋ የያዘ ዘይት ፊጭ ይላል። እግሩን ከማንሳቱ በፊት አጥብቃት! አለዚያ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። አረፋ የሌለው ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ድገመው። የዘይት ዕቃውንም አታስጎድለው፤ ባዶ ከሆነ እንደገና ከሀ ነው የምትጀምረው። የፈሰሰውን ዘይት መልሰህ አትጨምር።

እስከዚያው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት መኪናዋን እንዳትሞክራት።